በአያ አንማው ፒካፕ ላይ የቀባሁት ግራሶ

በ1978 ዓ.ም. ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዓመቱንና ዕድሜዬን አስቀድሜ የምጽፈው "ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ" ብዬ እንዳላመልጥ ነው። ሃያ አራት ዓመት የሞላው ሰው ልጅ አይደለም። በእኛ አገር በዚያ ዕድሜ ጎጆ ወጥቶ፣ በሬ ጠምዶ፣ ሁለት ልጅ ክርስትና ያስነሣ ብዙ ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የቡሬ ሱቅ ነው። ባለፈው ሳምንት የልጄ ባል ሚኒባሱ የፊት ፍሬኗ እየያዘ አስቸገረኝ ስላለኝ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ ቡሬ ወረድኩ። የመለዋወጫ ሱቁን የምትጠብቀው አንዲት ልጅ ናት፤ ከልጅ ልጄ ብዙ አትበልጥም። ለካሊፐር ፒን የሚሆን ግራሶ አልኳት። ሦስት ዓይነት አውጥታ ባንኮኒው ላይ ደረደረችልኝ፤ አንዱ ቀይ፣ በትልቅ ቆርቆሮ፤ አንዱ ጥቁር፣ በጣሳ፤ አንዱ ነጣ ያለ፣ በትንሽ ቱቦ።

"የቱን ልስጥዎት አባባ?" አለች።

ሦስቱንም እያየሁ ቆምኩ። እጄ ሳላዘው ቀዩ ቆርቆሮ ላይ ዐርፎ ነበር። ከኋላዬ ሰው ተሰለፈ።

"ላንብብልዎት?" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንዳላፍር ብላ።

ማንበብ ያቃተኝ መስሏት ነው። በእርግጥ ብዙ አላነብም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው፤ ይችንም የምጽፈው እየተንደፋደፍኩ ነው። ያቆመኝ ግን ንባብ አልነበረም። ከኋላዬ ያለው ጎልማሳ "ምን ያስመርጣል? ግራሶ ግራሶ ነው እኮ!" ሲል ጊዜ "አይደለም!" ብዬ ጮኽኩበት። ልጅቱ ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ። ትንሿን ቱቦ ይዤ ወጣሁ።

እኔ የወንበርማ ሰው ነኝ። አገሬ ከሽንዲ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር ያስኬዳል። አባቴ ገበሬ ነበር፤ እኔም እስከ ሃያ ዓመቴ እርፍ ጨብጫለሁ። በዚያ ሥራ ከሁሉ በፊት የተማርኩት ምራን መቀባት ነው። ምራን ማለት ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር ነው። ከደረቀ በትልሙ መሃል ይበጠሳል፤ በሬዎቹ ወዲያ፣ አንተ ወዲህ ትቀራለህ። ስለዚህ አባቴ ክረምት ሊገባ ሲል ሞራ አቅልጦ ያቀርብልኛል፤ እኔ አሻለሁ። "ጨምር፣ ጨምር" ይላል። ጠፍሩ ቅባቱን ጠጥቶ ወፈር፣ ለስለስ ሲል በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ "አሁን ጠገበ" ይላል። ሞራው እጄ ላይ ሁለት ቀን ይሸታል፤ እንጀራዬ ሁሉ ሞራ ሞራ ይለኝ ነበር።

ከእርሻ ያወጡኝ አያ አንማው ናቸው። የፍኖተ ሰላም ሾፌር ነበሩ፤ የአንድ ነጋዴ ፒካፕ ይነዳሉ። ሽንዲ ገበያ በርበሬ ሊጭኑ መጥተው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅረው አገኘኋቸው። ሌላው ሰው መኪናዋን ሲገፋ እኔ ከሥሯ ገብቼ ድንጋይ አነጥፌ አወጣኋት። "አንተ ብረት የምትፈራ አትመስልም" አሉኝ። በርበሬው ላይ ጭነው አመጡኝ፤ እያስነጠሰኝ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ጋራዥ ለነበራቸው ለጋሽ ፍስሐ "ይሄን ግትር ሥራ አስተምርልኝ" ብለው ሰጡኝ። ምሳዬን የመጀመሪያውን ወር በሙሉ የበላሁት በአያ አንማው ቤት ነው።

ጋሽ ፍስሐ ሙያውን የተማሩት አሥመራ፣ ጣልያኖች ጋራዥ ውስጥ ነው። ቁጡ ነበሩ፤ እጃቸው ግን የተባረከ ነው። አራት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። አራት ዓመት ሲሞላኝ የማላውቀው ነገር የቀረ አልመሰለኝም።

የአያ አንማው ፒካፕ አዲስ ነበረች። ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ያሉት መኪኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ታምቡር ፍሬን ናቸው። እሷ ግን ከፊት ዲስክ አላት። ዲስክ ፍሬን ላልነካ ሰው እንዲህ ነው፤ ከጎማው ጋር የሚዞር ሳህን የመሰለ ብረት አለ፤ ካሊፐር የሚባለው ደግሞ በሁለት የፍሬን ሸራ ይህን ሳህን ከዚህም ከዚያም ቆንጥጦ ያቆመዋል። ካሊፐሩ በሁለት ፒን ላይ ይንሸራተታል። ፒኖቹ ቀጭን የጎማ ልባስ ለብሰው ቀዳዳቸው ውስጥ ይገባሉ፤ የጣት ያህል ናቸው። ፒኑ ከተንሸራተተ ፍሬኑ ይይዛል፣ ይለቃል። ከታነቀ ይዞ ይቀራል።

ክረምቱ እንደወጣ፣ ጥቅምት መባቻ ላይ፣ ፒካፗ ጭቃ ጠግባ መጣች። ጋሽ ፍስሐ ደብረ ማርቆስ የሚሄዱበት ቀን ነበር። ከመሄዳቸው በፊት አዳዲሶቹን የፒን ጎማዎች ሰጡኝ፤ ከጎማዎቹ ጋር አንዲት ትንሽ ከረጢት አለች፣ ውስጧ ነጣ ያለ ቅባት። በላይዋ በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል።

"ለፒኑ ይችን ብቻ። ስስ አድርገህ። ሰማኸኝ?"

"ሰማሁ።"

ፈታሁት። አሮጌው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከረጢቷን ቀድጄ አየሁ፤ ለአራት ፒን ይችን? ለአንድ ምራን አትበቃም አልኩ በሆዴ። አጠገቤ ቀይ ግራሶ በበርሜል ተቀምጧል፤ ጋሽ ፍስሐ ለጎማ ኩሽኔታ፣ መንኰራኩሩ ለሚዞርበት ብረት፣ የሚሳሱለት፣ ጥሩ ግራሶ። ጥሩነቱን ዛሬም አልክድም። ሁለት ጣቴን ሰድጄ ዛቅሁና ጎማውን ከውስጥም ከውጭም አሸሁት። ጨመርኩ። ጨመርኩ። ፒኑ ሲገባ ስልል ብሎ ነው። ደስ አለኝ። ከረጢቷን ከቆሻሻ ጨርቅ ጋር ጣልኳት።

ጋሽ ፍስሐ ተመልሰው "ቀባህ?" አሉኝ።

"ቀባሁ" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

አያ አንማውም ቁልቁል ወደ ላህ ወንዝ ሞክረዋት ተመለሱና "እንደ ቅቤ ሆነችልኝ፤ እጅህ ይባረክ" አሉኝ። ያ ምርቃት ዛሬም ድረስ ያሳክከኛል።

ኅዳር 21 ቀን፣ ማርያም፣ አያ አንማው በርበሬ ጭነው ወደ ገበዝ ማርያም ወጡ። የኅዳር መንገድ ያምራል፤ አቧራው ገና አልበረታም፣ ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል፣ ደጋው ላይ ገብሱ ተከምሯል። እዚያ የክርስትና ልጃቸው ቤት ጎራ ብለው ሁለት ዋንጫ ጠላ ጠጡ። ቤቱ ሙሉ ሰው አይቷል። ከሰዓት ድንች ጭነው፣ በድንቹ ላይ አምስት ሰው አሳፍረው ወረዱ።

ከሰዎቹ እንደሰማሁት ቁልቁለቱ ሲጀምር የሆነ ነገር ሸተተ። አንዱ "ገለባ እያቃጠሉ ነው" አለ። ሌላው "ኧረ ጎማ ጎማ ይላል" አለ። ወዲያው መኪናዋ ፈጠነች። አያ አንማው በግራ ገደሉን አይተው መሪውን በቀኝ ወደ ዳገቱ ጠመዘዙና አፈሩን አስገጯት። ድንቹ ቁልቁል ሲንከባለል ታች ያሉ እረኞች ድንጋይ መስሏቸው ሸሹ ይባላል። አራቱ ሰዎች ተፈነካከቱ እንጅ በእግራቸው ቆሙ። አምስተኛዋ እትዬ ይታይሽ ነበሩ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ራሳቸው የሚያርሱ ሴት። እግራቸው በመኪናዋ ላሜራና በዳገቱ መሃል ገባ።

ትራፊኩ መጥቶ መጀመሪያ ያሸተተው የአያ አንማውን አፍ ነው። በዚያው አለቀ።

እውነቱን ልናገር። ወሬው ጋራዥ ሲደርስ "ፍሬን እምቢ አለ" የሚለውን ስሰማ ፍሬኗን የሠራሁት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ። ቀጥሎ "ጠጥተው ነበር" ሲሉ ደረቴ ቀለለኝ። አሳዳሪዬ፣ ያበሉኝ ሰው፣ ሰክረዋል ሲባል እኔ ደስ አለኝ።

ፒካፗ ፖሊስ ግቢ ሳምንት ቆማ ቅዳሜ ጠዋት ወደ እኛ ተጎትታ መጣች። ትራፊኩ የፍሬኑን ሁኔታ በሰኞው ንገሩኝ ብሏል። ጋሽ ፍስሐ "ክፈተው" አሉኝ። የቀኙን የፊት ጎማ አወለቅሁ። ዲስኩ በግለት እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊ ሆኗል። አንደኛው ሸራ አልቆ ብረቱ ቀርቷል፤ ሌላው ገና ግማሹ አለ። ፒኑን በእጄ ሳብኩ፤ እምቢ። ጠመዘዝኩ፤ እምቢ። በመዶሻ መታሁት፤ እያለቀሰ ወጣ። የለበሰው ጎማ ተከትሎት መጣ፤ እንደ ንፍሮ ባቄላ አብጦ፣ ተልፈስፍሶ። በጣቴ ጫን አደረግሁት። ጠግቧል።

ቆዳ ቅባት ሲጠጣ ይለሰልሳል። የፍሬን ጎማ ግን የኩሽኔታ ግራሶ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ፒኑን ያንቃል፤ ሸራው ከዲስኩ አይላቀቅም፤ ቁልቁለት ላይ ይግላል፤ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉን ብትረግጠው ባዶ ነው፣ መሬት ይገባል። ይህን ሁሉ በዚያች ደቂቃ ማንም ሳይነግረኝ ዐወቅሁት።

ጋሽ ፍስሐ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ግራሶውን በአውራ ጣታቸው አሽተው አሸተቱት።

"ይሄ የኩሽኔታ ነው።"

መዶሻውን አስቀመጥኩ።

"ያችን ከረጢት ምን አደረግሃት?"

"ጣልኳት።"

"ለምን?"

"ትንሽ ነበረች።"

ጋሽ ፍስሐ ሳቁ፤ የማያስቅ ሳቅ። ከዚያ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ድምፃቸውን ቀነሱ።

"ስማ። ሰውየው ጠጥቷል፤ ራሱም ጠጥቻለሁ ብሏል። እኔ አራት ልጆች አሉኝ። ይሄ ነገር ከወጣ ጋራዡ ይዘጋል፤ አንተም እስር ቤት ነህ። ፒኑን በናፍጣ እጠበው፣ ጎማውን ቀይረው። ለትራፊኩ ፍሬኑ ደህና ነው እለዋለሁ።"

"እሽ" አልኩ። አጠብኩት። ያበጠውን ጎማ ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከአንድ አዲስ ጎማ ጋር ኪሴ ከተትኩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አያ አንማው ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ አጠገባቸው በርበሬ ይቀነጥሳሉ፤ ሽታው ጉሮሮ ይከረክራል። አያ አንማው ቀና ብለው አላዩኝም። ቀኝ እግራቸው መሬቱን ይረግጣል፣ ይለቃል፤ ይረግጣል፣ ይለቃል።

"ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ናቸው" አሉኝ እትዬ ማንጠግቦሽ። "ሁለት ዋንጫ ጠላ! ሁለት ዋንጫ ጠጥቶ የሰከረ ወንድ ማን አይቷል? እኔስ ሰርግ ላይ አራት ጠጥቼ ለመንደሩ ሁሉ ወጥ አውጥቼ የለም? አንድ ጠብታ ፈሰሰብኝ?"

"ተይ አንች" አሉ አያ አንማው። ከዚያ ለእኔ፤ "አላምረው፣ አንተ ፍሬን ታውቃለህ። ረገጥኩት፤ መሬት ገባ። ደግሜ ረገጥኩት፤ መሬት ገባ። እኔ የማስታውሰው እንዲህ ነው። ግን ሰው ሁሉ ሰክረህ ነው ሲለኝ ጊዜ... ምናልባት አልረገጥኩት ይሆን?"

መልስ የሚጠብቁ ዓይኖች ነበሯቸው። እጄ ኪሴ ውስጥ ጎማውን ጨብጧል።

"እኔ እንጃ፣ አያ" አልኩ።

"ሴትዮዋ ዛሬ ከሐኪም ቤት ወጥታ ቤቷ ገብታለች። ነገ ሽማግሌ ፊት ድንጋይ እሸከማለሁ። መሪ ሁለተኛ ላልጨብጥ በማርያም እምላለሁ። ትራፊኩ ቢተወኝ እንኳ መሐላው አይተወኝም።"

በእኛ አገር ሰው የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ ተበዳዩ ደጅ ይሄዳል። ተበዳይ ይቅር ካለ ሽማግሌ ድንጋዩን ያወርድለታል። እስኪያወርዱለት ግን ተንበርክኮ ይቆያል። አያ አንማው ይህን በእኔ ፈንታ ሊሸከሙ ነው፤ እንጀራቸውንም አብረው በመሐላ ሊዘጉ። የሚያውቅ ሰው እኔና ጋሽ ፍስሐ ብቻ ነን።

"ደህና ይደሩ" ብዬ ወጣሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ "ሳትበላ?" ብለው ተጣሩ፤ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

አሁን ሽማግሌ ሆኛለሁ። ጋሽ ፍስሐ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ አልፈርድባቸውም፤ ልጅ ሳሳድግ ፍርሃታቸው ገብቶኛል። ግራሶን በተመለከተ ግን ማንንም አላምንም። አዲስ ዓይነት በመጣ ቁጥር ከፒን ጎማ ቁራጭ ቆርጬ በግራሶው ውስጥ ቀብሬ ጠርሙስ ውስጥ ሳምንት አስቀምጣለሁ። ካበጠ ለኩሽኔታ፣ እንዳለ ከቀረ ለፒን። የቡሬዋን ቱቦም እንዲሁ አድርጌያታለሁ፤ የልጄ ባል "አባባ፣ በላዩ ላይ ተጽፏል እኮ" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ሚኒባሱ ሳምንት ትቁም።

እትዬ ይታይሽ እስኪሞቱ ድረስ አነከሱ። በኔ መናገር እግራቸው አልተቃናም። ማታ ማታ የሚቆጨኝ ደግሞ ግራሶው አይደለም፤ ግራሶው አለማወቅ ነው፣ ትዕቢት ነው። የሚቆጨኝ ጎማውን ካየሁ በኋላ "እሽ" ብዬ ፒኑን ማጠቤ፣ እኒያ ሰው ዓይን ዓይኔን እያዩ ሲጠይቁኝ ደግሞ "እኔ እንጃ" ማለቴ ነው። ያችን አንድ ማታ ከዕድሜዬ ላይ የምፍቅበት ነገር አላገኘሁም።

ከዚያች ማታ በማግስቱ፣ እሑድ ጎህ ሲቀድ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ የገበዝ ማርያምን መንገድ ያዝኩ። የእትዬ ይታይሽ መንደር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ከመንደሩ በታች ካለው ጅረት የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ መረጥኩ፤ ብርዱ ማጅራቴን ገባው። ተሸክሜ ወጣሁ። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች መንገድ ለቀቁልኝ፤ ማንም ምን ሆነህ አላለኝም።

ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። እትዬ ይታይሽ እግራቸው በጄሶ ታስሮ ደጃፉ ላይ አልጋ ላይ ናቸው። አያ አንማው ድንጋያቸውን ተሸክመው ተንበርክከዋል። ከጎናቸው ሄጄ ተንበረከክሁ።

ትልቁ ሽማግሌ አዩኝ። "አንተስ የማን ነህ?"

"አላምረው እባላለሁ። የጋራዥ ሠራተኛ ነኝ።"

"መኪናዋን ነድተሃል?"

"አልነዳሁም።"

"ታዲያ ድንጋዩ የምን ነው?"

"ፍሬኗን የሠራሁት እኔ ነኝ። በማይሆን ግራሶ ቀባሁት፤ አበጠና ያዘ። እጄን ድንጋዩ ይዞታል፤ ኪሴን ይዩልኝ።"

ሽማግሌው ተነሥተው እጃቸውን ኪሴ ሰደዱ። ሁለቱን ጎማዎች አውጥተው በመዳፋቸው አስተያዩ። "እነዚህ አንድ ልክ ነበሩ?"

"አንድ ልክ ነበሩ። የረገጡት ፍሬን መሬት የገባው በዚህ ነው። አያ አንማው ረግጠዋል።"

አያ አንማው ከድንጋያቸው ሥር ጮኹ። "ዝም በል አንተ! እኔ ጠጥቻለሁ!"

ሽማግሌው ጎማዎቹን ለእትዬ ይታይሽ አሳዩዋቸው፤ እኒያ ሴት አገላብጠው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌው ወደ አያ አንማው ዞሩ።

"አንማው፣ የጠጣኸውን ለንስሐ አባትህ ትነግረዋለህ። ድንጋዩ ግን ያንተ አይደለም። መሐላም የለብህም። አውርዱለት።"

ሁለት ሰዎች አወረዱላቸው። አያ አንማው መቆም አቅቷቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሰዎቹ ቀጥለው ወደ እኔ መጥተው እጃቸውን ወደ ድንጋዩ ዘረጉ።

"የሱን ተዉት" አሉ እትዬ ይታይሽ ካልጋቸው ላይ። "ትንሽ ይቆይ።"

ቆየሁ።